ቁም ሳጥናችንን ያቀለለው የልብስ መጭመቂያ

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ባለ ሁለት ገንዳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛን። በአንዱ ጎን የሚያጥበው፣ በሌላው የሚጨምቀው፣ ሻጮች «ሰሚ አውቶማቲክ» የሚሉት ዓይነት ነው። ክረምቱን ሙሉ ሠራ፤ አሁንም እየሠራ ነው። ስለ ማጠቢያው ጎን ብዙ የምለው የለኝም። ውሃ ትሞላላችሁ፣ ኦሞ ትጨምራላችሁ፣ ሰዓቱን ታዞራላችሁ፣ ያጥባል። ይህን ያስጻፈኝ መጭመቂያው ነው። ከቤታችን ግማሽ ያህሉ የልጆች ልብስ እንዲወጣ ያደረገው እሱ ነውና።

ማሽኑን ስንገዛ የጠበቅነው ድካም እንዲቀንስልን ነበር። ዕቃ ይቀንስላችኋል ያለን ሰው አልነበረም። ሻጩም አላለም፤ ቢያውቀው ኖሮ ማሽኑን በዚህ ብቻ ይሸጠው ነበር።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው። ትልቁ ኬጂ ገብቷል፣ ሁለተኛዋ ከዳይፐር ወጥታ ፖፖ እየለመደች ነው፣ ትንሹ ይድሃል። የሚድህ ልጅ በቀን ስንት ልብስ እንደሚያቆሽሽ፣ ፖፖ የምትለምድ ልጅ ስንት ሱሪ እንደምታረጥብ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሽሮው አለ፣ ጭቃው አለ፣ ከለር እርሳሱ አለ። ይህን መቀነስ አይቻልም፤ መቀነስም የለበትም። ልጅ ልጅ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሰኔ ሲገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትታየው ለጥቂት ሰዓት ነው። ያቺም ሰዓት ብዙ ጊዜ እኛ ሥራ ላይ ሳለን ታልፋለች። በእጅ የተጨመቀ የልጅ ሱሪ በረንዳ ላይ ሦስት አራት ቀን ይንጠለጠላል። እግሩ ቢደርቅ ወገቡና ኪሱ አይደርቅም። እርጥበቱ ሳይለቀው ታጥፎ ከገባ ደግሞ ያ የሻገተ ሽታ ይይዘዋል፤ እንደገና ማጠብ ነው።

እስቲ ሂሳቡን ተመልከቱት። አንዲት ልጅ በቀን ሁለት ሱሪ ታቆሽሻለች እንበል። አንዱ ሱሪ ለመድረቅ 4 ቀን ከፈለገ ሁልጊዜ 8 ሱሪ ገመድ ላይ ነው። ዛሬ የምትለብሰው አለ፣ ቅርጫት ውስጥ የሚጠብቅ አለ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ አለ። ደርዘን አለፈ። ይህ ለአንዲት ልጅ፣ ለሱሪ ብቻ ነው። በሦስት ልጅ አባዙት። ሹራቡን፣ ፒጃማውን፣ ካልሲውን፣ ቱታውን ጨምሩበት። ቁም ሳጥኑ የማይዘጋው፣ ሶፋው ላይ ሰው የማይቀመጥበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ዕቃ አብዝታችኋል፣ አስወግዱ» የሚል ምክር ስሰማ ሁልጊዜ ይከፋኝ ነበር። አሁንም ይከፋኛል። ልብሱን ያከማቸነው ስስታም ሆነን አይደለም። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት በመጣች ቁጥር ሻንጣ ሙሉ የልጅ ልብስ ታመጣለች። ጎረቤት ለልጁ የጠበበውን ይሰጣል። ሳልባጅ ተራ ርካሽ ሹራብ ከተገኘ ይገዛል። ይህን ሁሉ የምንይዘው ክረምትን ስለምናውቀው ነው። አንዲት ሱሪ አንስቼ «ይህቺ ትውጣ» ስል «ሐምሌ ላይስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መልስ ስላልነበረው ሱሪዋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ስለ ቤት አያያዝ የሚያስተምሩን ሰዎች ልብስ የሚያደርቁት የት እንደሆነ አይነግሩንም።

መልሱን መጭመቂያው ሰጠው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የታጠበውንና የተለቀለቀውን ልብስ አውጥታችሁ በጎን ያለው ጠባብ ገንዳ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ከላይ ያለውን የፕላስቲክ መጫኛ ታስተካክላላችሁ፣ ክዳኑን ትዘጋላችሁ፣ ሰዓቱን ታዞራላችሁ። ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ገንዳው በደቂቃ 1,300 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፣ ውሃው በቀዳዳዎቹ እየተወረወረ ይወጣል። ልብሱን ስታወጡት ይቀዘቅዛል እንጂ አያንጠባጥብም። የልጅ ካናቴራ ማታ ከራት በኋላ ሳሎን ውስጥ ብትዘረጉት ጠዋት ይለበሳል። የጂንስ ሱሪ አንድ ቀን ይፈልጋል። ወፍራም ሹራብ ከአንድ ቀን ትንሽ ያልፋል። ይህን የምላችሁ በነሐሴ ያየሁትን ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይማ ምኑም አያስቸግርም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልብሱ ላይ እጄን እየጫንኩ አረጋግጥ ነበር። ወገቡን እነካለሁ፣ ኪሱን እገለብጣለሁ። ደርቋል። ባለቤቴም እየመጣ ይነካል።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። ያነጋገረን ልጅ ጨዋ ነው፣ ግን እኔ ወደ ባለ ሁለት ገንዳው ባየሁ ቁጥር ፊቱ ይቀየራል። «እህቴ፣ ይሄኮ ጊዜው አልፎበታል። ሙሉ አውቶማቲኩን ውሰጂ፤ ልብሱን ከተሽ መተኛት ነው» አለኝ። በሄድንበት ሱቅ ሁሉ ይህንኑ ነው የሰማነው። ልጆቹን አልወቅስም፤ የሚያስረክቡት ማሽን እንጂ ውሃ አይደለም። እስቲ ግን አንዳቸው ከእኔ ጋር ቤት ይምጡና ቧንቧውን ይክፈቱት።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በቀኑ ሲመጣም ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ አቅም የለውም። ስለዚህ በርሜል አለን፣ ጀሪካን አለን። ብዙዎቹ ሙሉ አውቶማቲክ ማሽኖች ደግሞ በትክክል ለመሙላት ቢያንስ 0.5 ባር የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። ይህ ማለት ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። በረንዳ ላይ የቆመ በርሜል ይህን ከየት ያመጣል? ፓምፕ ግዙ ይላሉ። ፓምፑ ሌላ ወጪ ነው፣ ሌላ ድምፅ ነው፣ እንደገና መብራት ይፈልጋል። ባለ ሁለት ገንዳው ግን ክዳኑን ከፍታችሁ በባልዲ ብትሞሉት ምንም አይለውም።

መብራቱም አለ። ውሃ የሚያሞቀው ባለ ፊት በር ማሽን ማሞቂያው 2 ሺህ ዋት ያህል ይስባል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ የእኛ ቤት ብሬከር አይችላቸውም። የእኛ ማሽን ውሃ አያሞቅም፣ ስለዚህ ምጣዱ እየጋገረ እሱም ያጥባል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳን ክዳኑ አይቆለፍም። ልብሱን አውጥቼ በእጄ ለቅልቄ እጨርሳለሁ።

«ማድረቂያ ማሽን አለልሽ» ያለኝም ሻጭ ነበር። 1 ሊትር ውሃ በሙቀት አትንኖ ለመጨረስ ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። መጭመቂያው ያንን ውሃ ከልብሱ አሽከርክሮ ይጥለዋል። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ የሚሠራውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የተረፈውን እርጥበት ነፋስ ይጨርሰዋል፤ ነፋስ ደግሞ ክረምትም ቢሆን አለ።

መስከረም ላይ ቁም ሳጥኑን ከፈትነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት የቤት ሱሪ፣ ጥቂት ካናቴራ፣ ሁለት ወፍራም ሹራብ፣ ሁለት ፒጃማ አስቀረን። ለትልቁ ሁለት ዩኒፎርም ይበቃዋል፤ ከትምህርት ቤት መጥቶ ያወለቀው ለማግስቱ ይደርሳል። ፖፖ ለምትለምደዋ ጥቂት ሱሪ ጨመርን። የቀረው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ወጣ። አዲስ አዲሱ አራስ ቤት ላለች የአጎቴ ልጅ ሄደ። የሚለበሰው ገጠር ላሉ ዘመዶች ተላከ። በዚህ መሃል ልዋጭ በሰፈሩ ሲያልፍ ትልቁ ልጄ ከበረንዳ ጠራው። አመስግኜ መለስኩት። ልብስ ሰጥተን ሳፋና የፕላስቲክ ሳህን ብንቀበል ቤቱ ምን ይቀንሳል? መውጣት ያለበት መውጣት አለበት።

ያኔ የመጣው ለውጥ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። መሳቢያው ሳይታጨቅ ሲቀር የሦስት ዓመት ልጅ ራሷ ትከፍተዋለች። ራሷ ትመርጣለች። የታጠፈ ካልሲ ሲሰጣት ቦታው የት እንደሆነ ታውቃለች፣ ወስዳ ትጨምራለች። ድሮ አንዱን ስትጎትት አሥሩ ይወጣ ስለነበር እንዳትነካ እንከለክላት ነበር። ሶፋው ላይ ይከመር የነበረው ልብስ አሁን ማታውኑ ታጥፎ ይገባል፤ ምክንያቱም ትንሽ ነው። ሥራ ውዬ ደክሞኝ ስመጣ አንድ ሳፋ ልብስ ማጠፍ እችላለሁ። ተራራ ግን ማንም አያጥፍም። እሑድን ለልብስ መስጠት አቆምን። ይህን ነገር ስጽፍ እንኳን ደስ ይለኛል።

በየሳምንቱ እየመጡ ልብስ የሚያጥቡልን እትዬ አሉ። ማሽኑ ሲመጣ «እንግዲህ እኔን አትፈልጉኝማ» አሉ። ሥራቸውን አላጡም፤ ቀለለላቸው። ብርድ ልብስና ጋቢ በእጃቸው ያጥባሉ። ብርድ ልብሱ ለማሽኑ ይከብዳል፤ ጋቢውንም እሳቸው ለማሽን አያምኑትም። ለእሳቸው ትልቁ ሥቃይ መጭመቁ ነበር፤ አንጓቸው ያማቸዋል። አሁን አንሶላውንና ፎጣውን ወደ መጭመቂያው ይሰጡታል። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር እጄን አሳረፈልኝ» ብለውኛል። ለእኔ ይህ አንድ ቃል ከየትኛውም የሻጭ ወሬ ይበልጣል። ክረምቱን ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ጂንስ የሚጨምቁ ሴቶች በየኮሚናሉ አሉ፤ ማንም የእነሱን እጅ አስቦ ማሽን ሲያስተዋውቅ አልሰማሁም።

ጉድለቱንም ልናገር። መጭመቂያው ከማጠቢያው ያንሳል፤ አንድ ዙር የታጠበውን በሁለት ዙር ነው የምንጨምቀው። ልብሱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች ያለው ጎረቤትም ይሰማዋል። አስቁሞ ዙሪያውን እኩል መደልደል ነው መፍትሔው። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ አናስገባም፤ ማጠቢያው ይጠመዝዘዋል፣ ዘርፉን ይበጥሰዋል። የእኛው ሞዴል ፓምፕ ስለሌለው ውሃው የሚወርደው በራሱ ነው። ስለዚህ ቱቦው መሬት ላይ ወዳለው ፍሳሽ ዝቅ ብሎ መተኛት አለበት። የመጨረሻውን የመለቅለቂያ ውሃ አንደፋውም፤ ባልዲ ውስጥ ተቀብለን ለሽንት ቤትና ለወለል እንጠቀምበታለን። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በቤቱ ትንሽ ልጅ ካለ ሁለት ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ውሃ ጥላችሁ አትሂዱ። በርጩማ ጎትቶ የሚወጣ ልጅ በትንሽ ውሃም አደጋ ይደርስበታል። ስትጨርሱ አፍስሱ፣ ሶኬቱን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ሁለተኛው የመጭመቂያው ክዳን ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ ቆሞ ፍሬኑ ገንዳውን ወዲያው መያዝ አለበት። በሚሽከረከር ገንዳ ውስጥ የትልቅ ሰው እጅም መግባት የለበትም፣ እንኳን የልጅ።

ዛሬ ብገዛ ያንኑ ነው የምገዛው። ሙሉ አውቶማቲኩን በነፃ ቢሰጡኝ እንኳን ውሃችን እንዲህ እያለ አልለውጥም። ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ትልቅ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ውሃ ነክሮ፣ ሰክቶ፣ ፊታችሁ ይጭመቀው። ፎጣውን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ጠብታ ከወጣው ሌላ ሞዴል ይሞክር። ከዚያ እየተሽከረከረ ሳለ ክዳኑን እንዲከፍተው ንገሩት። ገንዳው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ዋጋውን ቢቀንስላችሁም ተዉት።