ኤልክ ለማደን ጠመንጃ የምትገዙ፣ መጀመሪያ እኚህን ሽማግሌ አናግሯቸው

ሰላም ለሁላችሁም፣ በዴንቨርና በኦሮራ ያላችሁ ወገኖቼ። ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ዛሬ ግን ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ኮሎራዶ ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ኤልክ ሊያድኑ ተራራ ይወጣሉ። ለማታውቁት፣ ኤልክ የአጋዘን ዓይነት ነው፤ ግን ግዙፍ ነው፣ ወንዱ 300 ኪሎ ያልፋል። አያቴ ቤልጅግ ነበራቸው። ሲወለውሉት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጨርቅ አቀብላቸው ነበር። ስለዚህ ልጆቹ «ና» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ የአዳኞችን ኮርስ ወስጄ ካርዴን አወጣሁ።

ጣጣው የመጣው ጠመንጃ ልገዛ ስሄድ ነው። የሱቆቹን ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ሻጭ አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቀኝም። «ኤልክ» ስለው ሦስት መቶ ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን፣ ሲተኮስ ትከሻን በኃይል የሚገፋውን፣ አንስቶ አስታቀፈኝ፤ ከዚህ ያነሰ ካሊበር (የጥይት ውፍረት ማለት ነው) ኤልክ አይጥልም አለ። ሌላ ሱቅ ብጠይቅ ጭራሽ ከዚያም የባሰ ትልቅ ግዛ አሉኝ፤ ደግሞ አነጋገሬን ሰምተው እርስ በርስ ተያይተው ሲሳሳቁ አይቻለሁ። እሱ እስከ ዛሬ ያመኛል። ተመልሼ ማግነሙን ገዛሁ።

ገና ልምምድ ላይ ትከሻዬ በለዘ። ጠመንጃው ላይ ያለው ማነጣጠሪያ መነጽር ቅንድቤን መትቶኝ ፊቴ ደም በደም ሆነ። «ትለምደዋለህ» አሉኝ። አልለመድኩትም። አደን ስንወጣ አንዲት ሴት ኤልክ 120 ያርድ ላይ ቆማ አገኘኋት። ጨርሶ ብስታት ይሻል ነበር፣ ሆዷን መታኋት። እስኪጨልም ደሟን ተከትለን ፈለግን፣ በማግስቱም ፈለግን፣ የለችም። እግዜር የፈጠረውን እንስሳ አሰቃይቼ ጫካ ጥዬው መጣሁ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አደን በቃኝ አልኩ።

ጠመንጃውን ልሸጠው ነው እንግዲህ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ትንሽ ሱቅ የገባሁት። ሽማግሌው ጠመንጃውን ሳያዩ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ። «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የኤልኳንም ነገር ጭምር። አላቋረጡኝም። ከዚያ ከስንት ያርድ እንደምተኩስ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምለማመድ፣ ስተኩስ ዓይኔን እጨፍን እንደሆነ ጠየቁኝ። አልጨፍንም አልኳቸው። «ቅዳሜ ጠዋት መተኮሻ ሜዳው ላይ እንገናኝ» አሉ።

ቅዳሜ እሳቸው እያጎረሱ ይሰጡኛል፣ እኔ እተኩሳለሁ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ስስብ ቀጭ ብቻ አለ። ሳላይ ባዶ ቀለህ ነበር ያጎረሱት። ጥይት የለም፣ ግን አፈሙዙ ዘጭ ብሎ ወደ መሬት ወረደ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አሳርፈው «ያሳተህ ይሄ ነው። መጥፎ ተኳሽ ሆነህ አይደለም፣ ጠመንጃው አስፈራርቶህ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፣ ያን ሁሉ ወር የተሸከምኩትን ነገር ነው በአንድ ባዶ ቀለህ ያወረዱልኝ።

ስለ ካሊበር ብዙ አስረዱኝ፤ ስለ ግሬይን (የጥይት ክብደት)፣ ስለ ፍጥነት፣ ግማሹን አልያዝኩትም። የያዝኩትን ልንገራችሁ። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ከ6 ሚሊሜትር ጀምሮ ይፈቅዳል። ሠላሳ ኦ ሲክስ (.30-06) የሚባል የቆየ ጥይት አለ፣ «06» የ1906 ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው ኤልክ ሲጥልበት ኖሯል። «ሳንባዋ ላይ ካረፈ መካከለኛውም ይበቃሃል፣ ሆዷ ላይ ካረፈ ትልቁም አያድንህም» አሉኝ። ለእኔ ትከሻና ለምተኩስበት ርቀት ሦስት መቶ ስምንት ዊንቸስተር መረጡልኝ፣ ቁጥሩ ቢበልጥም ግፊቱ ከማግነሙ ያነሰ ነው፤ እሱም ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። ያገለገለ፣ ሰደፉ እንጨት የሆነ። ማግነሙን ተቀብለው የዋጋውን ልዩነት ቆጥረው መለሱልኝ። ለቅዳሜው ስጠይቃቸው ሳንቲም አልቀበልም አሉ። አዲስና ውድ ጠመንጃ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር እኮ! እንዲህ ዓይነት ሰው አሁን የት ይገኛል?

ክረምቱንና በጋውን ተለማመድኩ። ባለፈው ኦክቶበር ፍላት ቶፕስ በሚባለው የኮሎራዶ ተራራ አካባቢ፣ ሴት ኤልክ፣ 140 ያርድ፣ አንድ ጥይት። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። አጠገቧ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ባለቤቴ መጀመሪያ «ይበላል ወይ?» ብላ ፈርታ ነበር። ዘዳግምን ገልጠን ዋላ ከሚበሉት ጋር ተጽፎ አየን፤ ይሄም ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው። ፍሪዘሩ ሞላ። ቋንጣ አደረገችውና በበርበሬ ያሸችውን ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። አንዷን እዚያው ቀመሱ፤ የቀረውን ለሚስታቸው ብለው በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

እባካችሁ፣ አደን ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ በተለይ እንደኔ አዲስ የሆናችሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። ትከሻችሁን አታስመቱ፣ ገንዘባችሁን አትጣሉ። እንግሊዝኛዬ ይኮላተፋል ብላችሁ አትፍሩ፣ ጨርሰው ይሰሟችኋል። ስማቸውን በአደባባይ መጻፍ አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። የሴት ኤልክ ፈቃድ የሚገኘው በአብዛኛው በዕጣ ነው፣ ማመልከቻውም ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ደውሉልኝ፣ ቅዳሜ ከሆነ እኔው ራሴ እወስዳችኋለሁ።