የተነቀለ ሱፐርካፓሲተር ወይስ የላፕቶፕ ባትሪ? ለየትኛው ሥራ የቱን እንግዛ

አሮጌ ቦርድ መፍታት የሚወድ ሰው ሱፐርካፓሲተር (እንደ ባትሪ ጉልበት የሚያከማች፣ ግን በፍጥነት የሚሞላና የሚወርድ ዕቃ) እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚለው “በቃ፣ ከባትሪ ተገላገልኩ” ነው። እኔም ብያለሁ። ባለ 350 ፋራድ (ፋራድ የካፓሲተር የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) ስድስት ገዝቼ፣ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን ያቆዩልኛል ብዬ ስበይድ አመሸሁ። በማግስቱ መብራት ሄደ። ራውተሩ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እሱም ተከተለ። ካፓሲተሮቹ ምንም አላጠፉም፤ ሒሳቡን ሳልሠራ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሒሳቡ ይኸው። ካፓሲተር የሚይዘው ጉልበት የፋራዱ ግማሽ በቮልቱ ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል። 350 ፋራዷ እስከ ጣሪያዋ 2.7 ቮልት ስትሞላ 1,276 ጁል ነው፤ ወደ ዋት ሰዓት ሲመነዘር 0.35 ብቻ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣች፣ ደክማም 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የምትሰጥ አንዲት 18650 ሴል (ጣት የምትመስል የሊቲየም ባትሪ) ግን 7.4 ዋት ሰዓት አላት። እንዲህ ያሉ ሃያ ካፓሲተሮችን ብቻዋን ታስከነዳለች። ግማሽ ኪሎ የሚመዝነው ትልቁ ባለ 3,000 ፋራድ እንኳ ከ3 ዋት ሰዓት ብዙም አያልፍ።

ስለዚህ ለራውተር ክርክር የለውም። 6 ዋት የሚበላ ራውተር በሦስት 18650 ሦስት ሰዓት ግድም ይሄዳል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት እንኳ ስድስት ሰዓት ያህል ያደርሳችኋል፤ ክብደቱን ከቻላችሁት ማለቴ ነው። ካፓሲተሩ የሚያዋጣው ጄኔሬተር ባለበት ቤት ወይም ቢሮ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችውን ደቂቃ ራውተሩ ሳይጠፋ ይሸፍናል።

ታዲያ ካፓሲተር ለምን ይገዛል? ጥሩ ካፓሲተር ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሞልቶ ይወርዳል፤ የላፕቶፕ ሴል በጥቂት መቶ ዙር ይደክማል። ሊቲየም ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ ይሞታል፤ ካፓሲተር ባዶ መሆን ምንም አይመስለውም። የዚህ ሌላ ገጽታው ግን ሞልታችሁ ብታስቀምጡት ራሱ በራሱ መውረዱ ነው። ለድንገት ተብሎ በየሦስት ወሩ አንዴ ለሚፈለግ የእጅ ባትሪ አይሆንም ማለት ነው። በየቀኑ ሞልቶ በየማታው ለሚያልቅ ትንሽ የፀሐይ መብራት ግን ከሱ የተሻለ አላየሁም።

መብራቱን ስትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ርካሹ ኤምቲ3608 ቮልት ማሳደጊያ ቦርድ ከ2 ቮልት በታች ሲወርድበት ይቆማል። ሁለት ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን አስራችሁ 2.5 ቮልት ብትሞሏቸው፣ ከያዙት ጉልበት የምታወጡት 36 በመቶውን ነው። እነዚያኑ ሁለቱን በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ) አስራችሁ 5 ቮልት ብትሞሏቸው 84 በመቶው ይወጣል። ዕቃው ያው፣ ብርሃኑ ግን ከእጥፍ በላይ። በዚህ አሠራር 0.1 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ አራት ሰዓት ያበራል፤ ለተማሪ ጠረጴዛ ይበቃል። 5.4 መሙላት ሲቻል 5 ያልኩት በምክንያት ነው፤ የተነቀሉ ካፓሲተሮች እኩል ስላልሆኑ አነስተኛዋ ቀድማ ሞልታ 2.7ን ታልፋለች። ደግሞም ባዶ ካፓሲተር ለቻርጀር ሾርት ሆኖ ይታየዋልና አምፔር በሚገድብ ቦርድ ሙሉት።

የካፓሲተር እውነተኛ ቤቱ ግን የነጥብ ብየዳ ነው። 18650ን በሶልደር ብታስሩት ሙቀቱ ሴሉን ይጎዳዋል፤ ቀጭን የኒኬል ጥብጣብ ለመለጠፍ ለጥቂት ሚሊሰከንድ መቶዎች አምፔር ያስፈልጋል። ይህን ከላፕቶፕ ሴል መጠየቅ ቀልድ ነው። የመኪና ባትሪ ይችላል፤ ጠረጴዛውን ግን እሱ ብቻውን ይይዘዋል። የእኔዎቹ ስድስት ካፓሲተሮች ሦስት ሦስት ጎን ለጎን ታስረው፣ ሁለቱ ቡድኖች በሲሪስ ሆነው፣ አሁን የሚሠሩት ይህንን ነው። የራውተሩን ባትሪ የበየድኩትም በነሱ ነው። ሥራው ላይ ስትቀመጡ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ክብ የልብስ ቁልፍ የመሰለችውን ባለ 5.5 ቮልት 1 ፋራድ ካገኛችሁ ለሰዓት ቺፕ መጠባበቂያ ተዋት። ውስጣዊ ተቃውሞዋ (አምፔር እንዳይወጣ የሚያግደው) ብዙ ስለሆነ ለሌላ ነገር አትረባም።

ስትገዙ ከላይ የተጻፈውን ፋራድ አትመኑ። ጫፏ ያበጠ ወይም እግሯ ሥር የደረቀ ፈሳሽ ያለባትን አትንኳት፤ የብዙዎቹ ፈሳሽ አሴቶናይትራይል ነው፣ ይነዳል፣ ትነቱም መርዝ ነው። ሌላውን ቤት ወስዳችሁ ፈትሹ። በ1 አምፔር እየሞላችሁ ከ1 ቮልት እስከ 2 ቮልት የፈጀችውን ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሰከንዱ ራሱ ፋራዷ ነው። ከአንድ ሻጭ “አዲስ ናት” ተብላ ከወሰድኳቸው ባለ 350ዎች አንዷ 190 ሰከንድ ላይ 2 ቮልት ደረሰች። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር አለቀ የሚሉት 20 በመቶ ሲቀንስ ወይም ውስጣዊ ተቃውሞው እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ 280 የምትሰጥ ለመብራት በርካሽ ብትገኝ ትወሰድ፤ ለብየዳ ግን ተቃውሞዋ ነው የሚለየው። እሱን ለማየት 5 አምፔር ስትጭኑባት ቮልቱ ወዲያው ስንት እንደወረደ ተመልከቱ። ጤነኛ ባለ 350 ከ15 እስከ 20 ሚሊቮልት ብትወርድ ነው፤ 50 ከዘለለች ለመብራት አቆዩአት።

በመጨረሻ 2.5 ቮልት ሞልታችሁ ለጥቂት ሰዓት እዚያው ያዟትና ነቅላችሁ አሳድሯት። ጠዋት ከ2 ቮልት በታች ካገኛችኋት ለሻጩ መልሱለት፤ ስትወስዷት ግን በሪዚስተር አራግፋችሁ፣ ሁለቱን እግሮቿን በሽቦ አገናኝታችሁ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር የገባች የሞላች ካፓሲተር ሱሪ ታቃጥላለች።