ከሐረር በብስክሌት፦ ሐረማያ ወይስ ዳካታ?

ሐረማያ ከሐረር በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ ቀኑ ቀዝቀዝ ይላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃው ሲመለስ ዳርቻው እየሰፋና እየጠበበ ስለሚሄድ፣ አምና የተነዳበት ጥርጊያ ዘንድሮ ውሃ ሊተኛበት ይችላል። ዋናው ጣጣ ደለሉ ነው። ከዝናብ በኋላ በጎማና ጎማውን በሚይዘው የብስክሌቱ ሹካ መካከል ተጠቅጥቆ መሽከርከሪያውን ያስቆማል። ወርዶ በእንጨት መፋቅ ያስፈልጋል፤ በግድ የረገጠ ሰው ካቴናውን ይበጥሳል። ሲደርቅ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ በ40 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይበቃዋል። ከጭቃው የሚብሰው አስፋልቱ ነው፤ መንገዱ ላይ ባለችው የጫት ገበያ ከተማ አወዳይ የጫት መኪኖች ለማንም አያዝኑም።

የዳካታ ሸለቆ ከባቢሌ ከተማ ወዲያ ነው፣ ከሐረር በምሥራቅ። የድንጋዮቹ ቁልል ያምራል፤ አሸዋው ግን ቀጭን ጎማ ይውጣል። 45 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ 30 ፒኤስአይ። የግራር እሾህ ስላለ ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማና ፖምፓ ይያዝ፤ ጥርጊያው ላይ ጎሚስታ የለም። ለሰው 4 ሊትር ውሃ። ባቢሌ ከሐረር ዝቅ ስለምትል ዳገቱ የሚጠብቀው በመልስ፣ በድካምና በፀሐይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላልተነሳ ሰው ሐረማያ ይሻለዋል።