የድሮ ኔጋቲቭ ስካን ልታስደርጉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የእኔን ኪሳራ ስሙ

ከፎቶ ቤቱ ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። 6,500 ብር ከፍዬ እናቴን ፈንጣጣ የወጣባት አስመስያታለሁ።

ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ጅማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ መስታወቱ ላይ የሙሽሮች ፎቶ፣ በሩ ላይ «የድሮ ፎቶ እናድሳለን»፣ ባለቤቱ ከጀርባ ቁጭ ብሎ ቡናውን ሲጠጣ ሥራውን የሚሠራው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ነገ ይደርሳል ይሉና በሳምንቱ ይደርሳል።

አባቴ በ1970ዎቹ በጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሳቸውን 60 ኔጋቲቮች ይዤ ሄድኩ። ከሁሉም የምሳሳላት አንዲት ነች፤ እናቴ ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ሥር፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ቆማለች። 50 በ70 ሳንቲሜትር አሳትሜ ለፋሲካ ሳሎኗ ውስጥ ልሰቅልላት ነበር።

ልጁ ስካኑን ከፈተልኝ። ፈዘዝ፣ ለስለስ ያለ ነበር። ፊልም ሲሰካን እንደዚያ ሆኖ መውጣቱ ጤነኛ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም። «ጋሼ፣ ላጥራልዎት?» አለኝና የሻርፑን፣ ማለትም ምስል ጥርት የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ፣ ወደ ቀኝ ገፋው። የእናቴ ቅንድብ ብቅ አለ፤ የበረንዳው እንጨት አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆነ። «አቤት! አሁን ጠራ!» አልኩ። እኔው ራሴ ነኝ ያልኩት። ልጁ ደስ ብሎት እስከ ጫፉ ገፋውና በዚያው ስም፣ በጄፔግ ሊያስቀምጠው ተጫነ። ኮምፒውተሩ እንኳ ዝም አላለም፤ የበፊቱ ይተካ ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ «አዎ» አለው። እኔም ከጎኑ ቆሜ፣ እንደ አዋቂ ራሴን እየነቀነቅሁ አየሁ። የቀሩትንም 59 እንዲሁ አደረጋቸው።

ትልቁ ፎቶ ሲደርስ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። «ጉንጬ ላይ ያለው ምንድን ነው? እኔ መቼ ነው ፈንጣጣ የወጣብኝ?»

ነገሩ ሲገባኝ ይኸው ነው። ሻርፕ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበትን ጠርዝ ብቻ ያጎላል። ጠርዝ ደግሞ ቅንድብ ብቻ አይደለም። የፊልሙ ቅንጣትም፣ ኔጋቲቩ ላይ ያረፈው አቧራም ለእሱ ጠርዝ ነው። አቧራው ሳይጸዳ ሻርፕ ስለተደረገ እያንዳንዱ ብናኝ ነጭ ጠጠር ሆነ። ይባስ ብሎ ፋይሉ አስቀድሞ 10 በ15 ለሆነች ካርድ ተቀንሶ ኖሯል፤ ርዝመቱ 1,800 ነጥብ (ፒክስል) ብቻ ነው። ለዚያች ካርድ የተሳለው ጠርዝ ወደ 70 ሳንቲሜትር ሲለጠጥ አምስት እጥፍ ገደማ ወፈረ። የእናቴ ትከሻ ዙሪያውን ነጭ መስመር ዞሮበታል፤ ነጠላዋ ሸማኔ ያልሠራው ጥለት ወጥቶለታል። መልሼ ላለስልሰው ብል ደግሞ የጠፋው አይመለስም።

ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ጠራ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ እውነቱን ነዋ! ልጁ አንገቱን ደፋ። ዋናውን ስካን ስጡኝ ብል የለም። «የፊልምህ ችግር ነው፤ ያረጀ ነገር ይዘህ መጥተህ አዲስ አድርጉልኝ ትላለህ። እንደገና ስካን ይደረግ ካልክ ሒሳቡም እንደገና ነው።» ከኋላዬ የፓስፖርት ፎቶ ልትነሳ የቆመች ልጅ ሳቀች። እሷ ባትኖር ኖሮ ምን እንደምለው እኔ አውቃለሁ።

እናንተ ከሄዳችሁ ማንም ሳይነካካው ስካኑን በሙሉ መጠኑ፣ በቲፍ (እንደ ጄፔግ ምስሉን ጨምቆ ዝርዝሩን በማይቀንስ የፋይል ዓይነት)፣ በራሳችሁ ፍላሽ ተቀበሉ። አቧራውና ብርሃኑ ይቅደም፤ ሻርፕ የሚታተምበት መጠን ከተወሰነ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ያውም በኮፒው ላይ። «ላጥራልዎት» ሲሏችሁ እጃቸውን ያዙ።

ኔጋቲቮቹ ወደ ብስኩት ቆርቆሯቸው ተመልሰዋል። ትልቁን ፎቶ እናቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ከቁም ሳጥኑ ጎን አቁማዋለች።