የጅማ ባለመኪኖች፣ «ጉልበት የሚጨምር» ሴንሰር እንዳትገዙ

ሰላም የጅማ ባለመኪኖች። ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ «የተሻሻለ የስሮትል ሴንሰር» የሚባል ዕቃ እየተሸጠ ነው። ስሮትል ማለት ነዳጅ ሲረገጥ ተከፍቶ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር ነው። ሞተር ያስተካክላል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ የጊቤን ዳገት እንደ ሜዳ ያስወጣል ይሏችኋል። የሚጠይቁት ዋጋ ከተለመደው እጥፍ ነው። እባካችሁ እንዳትሸወዱ።

የዚህ ሴንሰር ሥራ መለካት ብቻ ነው። ስሮትሉ ምን ያህል እንደተከፈተ ለሞተሩ ኮምፒውተር ይናገራል፣ በቃ። በብዙ መኪኖች 5 ቮልት ይገባለታል። ነዳጅ ሳይረገጥ ግማሽ ቮልት አካባቢ፣ እስከ ጥግ ሲረገጥ ደግሞ 4.5 አካባቢ ይመልሳል። ሚዛን ስለተቀየረ ቡናው አይጨምርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ 15 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ይህን የሚመልስ ሴንሰር የለም።

«ሲያስሞክሩኝ እኮ ተስፈንጥሮ ሄደ» የሚል አይጠፋም። ዘዴውን የወንድሜ ኮሮላ ላይ አየሁት። ወርቃማውን ስቲከር በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ተራ ሴንሰር ወጣ። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሞላላ ስለሆነ ሴንሰሩን ትንሽ ዞር አድርገው ነበር ያሰሩት። በቴስተር ስንለካው ነዳጅ ሳይረገጥ ከ1 ቮልት በላይ ያነባል። ኮምፒውተሩ ብዙ የተረገጠ እየመሰለው ነዳጅ ያበዛል። መጀመሪያ ላይ ቀልጠፍ ያለ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፣ ቼክ ኢንጂን በራ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው ማርሽ የሚቀይረው ዘግይቶ ሆነ። ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሷል። ሻጩ ጋ ሲመለስ «ኮምፒውተሩ እስኪለምደው ነው» አሉት። ብሩን አልመለሱለትም። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ወንድሜ በዚያ መኪና ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው።

ሴንሰሩ በእውነት ተበላሽቶ ከሆነማ ይቀየር። ግን በፊት ይለካ። ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ ነዳጁን ቀስ እያላችሁ ርገጡ። ቮልቱ ሳይዘል እኩል መውጣት አለበት። መሃል ላይ ዘሎ ከወረደ ውስጡ ተበልቷል። በኮምፒውተር ምርመራ የሴንሰሩ የብልሽት ኮድ ስለወጣ ብቻም አትቀይሩ፣ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ሞተር ደከመ ስትሉ ደግሞ አስቀድማችሁ የአየር ማጣሪያውን፣ ካንዴላውንና የስሮትሉን ቆሻሻ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

የነዳጅ ገመድ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ከስሮትሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ለብቻው ልግጠምልህ የሚል ከመጣ ኮፈኑን አታስከፍቱት።

የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ብሩ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። የተፈታውን አሮጌ ሴንሰርም ተቀበሏቸው፤ የወንድሜ መኪና የዳነችው እሱኑ መልሰን ገጥመን ነው።