«የ2018 አዲስ እትም» የተባለውን የታክሲ ካርታ እንዳትገዙ

ከባህር ዳር፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ወገኖች፣ ይህን አንብቡልኝ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችሁም ንገሩልኝ።

ሰሞኑን መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል በመስኮት በኩል የምትሸጥ አንዲት ታጣፊ ወረቀት አለች። ሽፋኗ ያብለጨልጫል። «የአዲስ አበባና የባህር ዳር የትራንስፖርት ካርታ፣ የ2018 አዲስ እትም» ይላል። በፊት ለፊቷ አዲስ አበባ፣ በጀርባዋ ባህር ዳር አለ። 150 ብር ይሏችኋል። ሹፌሩ ሞተር ካስነሳ 100 ይወርዳል። በ100ም በ50ም አትግዟት።

አንዷን ጎረቤቶቻችን ቤት አግኝቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር አየኋት። «2018» የሚለው ቁጥር ከሽፋኑ ጋር የታተመ አይደለም። ተለጥፎ ነው። ጣታችሁን ብታሳልፉበት ጠርዙ ይታወቃችኋል። በጥፍር ሲነሳ ከስሩ 2006 የሚል ቁጥር ይወጣል።

አመተ ምህረቱን ብቻ አይቼ አልፈረድኩም። ውስጡን አይቼ ነው። በአዲስ አበባው ገጽ ላይ ቀላል ባቡሩ በነጠብጣብ መስመር ተስሏል። ታች ጥግ ላይ ባለው ማብራሪያ ነጠብጣብ ማለት «በግንባታ ላይ ያለ» ማለት ነው። ቀላል ባቡሩ ደግሞ ሰው ማመላለስ የጀመረው በመስከረም 2008 ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘረጉት ሁለቱ መስመሮች በድምሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ይህን ሁሉ «ገና እየተሰራ ነው» የሚል ወረቀት ነው ዘንድሮ ወጣ ተብሎ የሚሸጠው። ሸገር ባስም የለበትም። ያኔ መች ተጀምሮ!

ፒያሳንም ተመልከቱ። ወረቀቷ ዶሮ ማነቂያን ከነውስጥ ለውስጥ መንገዱ አስቀምጣዋለች። ያ ሰፈር በ2016 ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ስንት መንገድ ሰፋ፣ ስንት ቤት ተነሳ፣ ስንት የታክሲ መቆሚያ ቦታ ቀየረ! ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው «ከዚህ ህንጻ ጎን ታክሲ ትይዛለህ» ተብሎ ሄዶ ህንጻው ከሌለ ምን ይዋጠው?

የባህር ዳሩ ገጽ የባሰ ነው። ካርታ ብሎ የሳለው ሰው የለም። ከስልክ ስክሪን ላይ ፎቶ ተነስቶ እንዲሰፋ የተደረገ ምስል ነው። ጽሁፉ ደብዝዟል። ቀበሌ 14 አካባቢ ደግሞ አንድ ሰማያዊ ክብ ነጥብ አለ። የስልክ ካርታ የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፤ «አሁን ያለህበት ቦታ» የሚለው ምልክት ነው። ፎቶውን ያነሳው ሰው የቆመበት ቦታ ሳይጠፋ አብሮ ታትሟል። በላዩ ላይ ቀያይ መስመር ተሰምሮ «የታክሲ መስመር» ተብሏል። ወደ አባይ ማዶ የሚሻገረው ቀይ መስመር የሚያልፈው በድሮው ድልድይ ብቻ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ ጭራሽ የለም። ከተማዋን የማያውቅ ሰው እንኳ ስለዚህ ድልድይ ሰምቷል።

በጣም ያናደደኝ ግን የወረቀቷ የታችኛው ጠርዝ ነው። ምስሉ እዚያ ላይ ስለተቆረጠ ወደ አዴት የሚወስደው መንገድ አብሮ ተቆርጧል። ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያለው በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ በዚች «ካርታ» ላይ ባህር ዳር ውስጥ የሚታየው ትልቅ ሆስፒታል ፈለገ ህይወት ብቻ ነው።

ይህ ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁ። ወረቀቷን ያገኘሁባቸው ጎረቤቶቻችን ዘመዶች ከሞጣ የመጡ አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው ኩላሊታቸውን ያማቸዋል። ሪፈር የተጻፈላቸው ወደ ጥበበ ግዮን ነው። ከሞጣ በአዴት በኩል ሲመጡ በሆስፒታሉ አካባቢ አልፈው ነው መናኸሪያ የገቡት፤ የነገራቸው ሰው የለም። እዚያ ወረቀቷን ገዙ። ልጅቷ ማንበብ ትችላለች። «ሆስፒታል» የሚል ስትፈልግ አንድ ብቻ አገኘች፤ አባቷን ይዛ ወደ ፈለገ ህይወት ሄደች። ሰልፍ ይዘው ቆይተው ካርድ ክፍል ሲደርሱ «እዚህ አይደለም» ተባሉ። ከዚያ ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በኮንትራት ባጃጅ። ባጃጁ ደግሞ እንግዳ መሆናቸውን ሲያውቅ የጠራው ዋጋ ሌላ ነው። ጥበበ ግዮን ሲደርሱ የቀኑ ተራ አልቆ ለማግስቱ ተቀጠሩ።

ማታ ሳገኛቸው አባባ «የታተመ ነገር ስለሆነ አመንነው» አሉኝ። ለሰው አይናገሩም እንጂ አመሻሹን ሙሉ ጎናቸውን ይዘው ነው የተቀመጡት። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ወረቀቷ የምትሸጠው ለእኔና ለእናንተ አይደለም። መንገዱን ለማያውቅ፣ ስልክ ለሌለው፣ ሰው መጠየቅ ለሚያፍር ሰው ነው።

የወረቀት ካርታ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በጣም ያስፈልጋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የስልክ ካርታ ብቻ የለመደ ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ አይተናል። መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል። ወረቀት እነዚህን ሁሉ ይችላል። ግን የትራንስፖርት ካርታ ዋጋው ቀኑ ነው። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት በአዲስ ካርቶን ቢታሸግ አይወሰድም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ተራራና ወንዝ የሚያሳይ ካርታ ሃያ አመት ቢቆይም ይጠቅማል፤ ጮቄ ካለበት አይነቃነቅም። የታክሲ መስመር ግን ይነቃነቃል። ታፔላ ይቀየራል። አንዱ መንገድ ለጥገና ሲዘጋ ሚኒባሱ በሌላ ይዞራል። ሆስፒታል፣ ግቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሲከፈት አዲስ መስመር ይወጣል።

ታሪፉማ አይነሳ። ወረቀቷ ጀርባ ላይ የታሪፍ ሰንጠረዥም አለ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ ታሪፍ ስንት ጊዜ እንደተከለሰ ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። የዚያ ዘመን ታሪፍ ይዞ «ካርታው ላይ ይሄ ነው የተጻፈው» ብሎ ከረዳት ጋር የሚጣላ ሰው ይኖራል። ረዳቱም እውነት ይዞ፣ ተሳፋሪውም እውነት የያዘ መስሎት ነው የሚጣሉት። በመሀል የሚያተርፈው ሻጩ ብቻ ነው።

ለወደፊቱም ማንኛውንም ካርታ ስትገዙ መጀመሪያ የራሳችሁን ሰፈር ፈልጉ። የማታውቁትን ቦታ ትክክል መሆን አለመሆኑን መለየት አትችሉም። የምታውቁትን ግን ትችላላችሁ። ሽምብጥ የምትኖሩ ሽምብጥን እዩ። ፔዳ የምትማሩ የፔዳን በር እዩ። የምታውቁት ቦታ ከተሳሳተ የማታውቁት አይታመንም። ባህር ዳር ከሆነ አዲሱን ድልድይ ፈልጉ። አዲስ አበባ ከሆነ ባቡሩ እንዴት እንደተሳለ እዩ። ሁለቱም ደቂቃ አይወስዱም።

ቀጥሎ ማን እንዳሳተመው ፈልጉ። በአገራችን ካርታ የማዘጋጀት ስራ የያዘው የመንግስት ተቋም አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ብዙዎቻችን ካርታ ስራ ድርጅት እያልን የምናውቀው ነው። በወጉ የተሰራ ካርታ አዘጋጁን፣ የታተመበትን አመት፣ ስኬሉንና የምልክቶቹን ማብራሪያ ይይዛል። ይህችኛዋ ላይ የአሳታሚ ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ ስኬል የለም። የተለጠፈ ቁጥር ብቻ ነው ያላት። ሻጩን ደረሰኝ ጠይቁት፤ የዚያን ጊዜ ወደ ሚቀጥለው መስኮት ያልፋል።

ታዲያ በምን እንሂድ ለምትሉ፣ ያለ ብር የሚገኝ ነገር አለ። ስልክ ያላችሁ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሆናችሁ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ የሚባለውን አፕ ጫኑ። ሁለቱም የሚሰሩት በኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ነው። ይህ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን ማንም ሰው ገብቶ የሰፈሩን ስህተት ሊያርምበት ይችላል። የኢትዮጵያን ካርታ አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። ከጉዞ በፊት ማደሱን ብቻ አትርሱ። ታፔላውን ግን አይነግራችሁም። እሱን ተራ አስከባሪ ጠይቁ። ደላላን አትጠይቁ፣ «ልውሰድህ» የሚለውን አትጠይቁ።

ስልክ ለሌላቸው ደግሞ እኛ እንጻፍላቸው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ ደውላችሁ የዛሬውን መንገድ ጠይቁ፤ በትልልቅ ፊደል ጻፉት። «ከአውቶቡስ ተራ መገናኛ የሚል ታክሲ። ከመገናኛ አያት የሚል ታክሲ። ስትወርድ ለእገሌ ደውል፣ ቁጥሩ ይሄ ነው።» ቀኑን ከላይ ጻፉበት። ሀኪም ቤት የሚሄድ ሰው ከሆነ የሆስፒታሉን ሙሉ ስም ከሪፈር ወረቀቱ ላይ ቀድታችሁ ጻፉ። «ትልቁ ሆስፒታል» ብሎ መናገር አይበቃም፤ ባህር ዳር ውስጥ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው።

የየከተማችን መናኸሪያዎችም አንድ ግድግዳ ላይ መስመሩን፣ ታሪፉንና የተለጠፈበትን ቀን በግልጽ ቢጽፉ እንዲህ ያለ ወረቀት ገዢ አያገኝም ነበር። በኤ አራት ወረቀት ታትሞ በየሶስት ወሩ ቢቀየር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከሞጣ፣ ከደምበጫ፣ ከቡሬ የሚመጣው ህመምተኛ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ግድግዳ ነው። ይህን ለሚመለከተው ቢሮ በጽሁፍ አቀርባለሁ።

ወረቀቷን የገዛችሁ ካላችሁ አትቅደዷት፣ ለሌላ ሰውም አትስጧት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አሮጌ ቀን ላይ አዲስ ለጥፎ መሸጥ ይህን መብት መንካት ነው። የሽፋኑን ፎቶ ከልጥፉ በፊትና በኋላ አንሱ፤ የገዛችሁበትን መናኸሪያ፣ ቀንና የከፈላችሁትን ብር ጻፉ፤ በከተማችሁ ላለው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ወረቀቷን የሚሸጠውን ልጅ ፎቶ አታንሱ፤ አንድ በአንድ የሚቸረችር የመናኸሪያ ልጅ ነው። ማግኘት ያለብን ያሳተመውን ነው። ባህር ዳር ያለሁት እኔ የጎረቤቶቻችንን አስገባለሁ። ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳይመስል የደብረ ማርቆስና የፍኖተ ሰላም ገዢዎች ፎቶውን እስከ እሁድ ማታ ላኩልኝ። ማመልከቻውን የማስገባው ሰኞ ጠዋት ነው።