የቀድሞ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ እያሉ የሌላ ሰው የዘር ሐረግ ከሚሸጡ ድርጅቶች ተጠንቀቁ

በእንግሊዝ አገር የኖሩ የላብ አደር ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ከቀድሞ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች አውጥተን እናቀርባለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ። እኔና ባለቤቴ ከእነዚህ ለአንዱ በጠቅላላው 665 ፓውንድ ከፍለን፣ ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ቤተሰብ ታሪክ በቆዳ ተጠርዞ ተልኮልናል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትዳር ወይም በልጆቻቸው በኩል ከእንግሊዝ ቤተሰብ ጋር የተዛመዱ ወገኖች ተመሳሳይ ውል ከመፈረማቸው በፊት ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጆቼ በእኔ በኩል ያለውን ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ በሕይወት ሳለ በቃላቸው አስይዟቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ከአያታቸው ወዲያ የሚያውቁት ስም አልነበረም። ባለቤቴ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለው የደራም ካውንቲ (አውራጃ እንደማለት ነው) የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ዘር ነው። አባቱ ቀደም ብለው ስላረፉ፣ የቤተሰቡን ነገር የሚያውቁት የሰማንያ ስምንት ዓመት አክስቱ ብቻ ናቸው። ትልቋ ልጄ «የአባዬስ ሰባት ቤት?» ብላ በጠየቀች ጊዜ ነው ፍለጋውን የጀመርነው። አገራችን የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1984፣ ማለትም በ1976 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አንድ ተራ ሠራተኛ ከ180 ዓመት በፊት በስሙ፣ በዕድሜውና በሥራው የተጻፈበት መዝገብ ዛሬም አለ መባሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። መዝገቡ መኖሩ እውነት ነው፤ ያታለለን መዝገቡ ሳይሆን ሻጩ ነው።

ድርጅቱ በድረ ገጹ ያቀረበው «ከ1841 እስከ 1921 ባሉት ቆጠራዎች ሁሉ የተረጋገጠ» የዘር ሐረግ በ480 ፓውንድ፣ በተጨማሪም «የ1931 ቆጠራ ልዩ ፍለጋ» በ95 ፓውንድ ነበር። በደቃቅ ፊደል ከታች የተጻፈውን በየወሩ የሚቆረጥ የ18 ፓውንድ «የሰነድ ማቆያ» ክፍያ ያየነው የባንክ መግለጫችን ላይ አምስት ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በስልክ ያነጋገረን ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ደውሎ ዋጋው በማግስቱ እንደሚጨምር ነገረን። የጠየቀንም የባለቤቴን የአባት አያት ስምና በግምት የተወለዱበትን ዓመት ብቻ ነበር። የሚስታቸውን ስም፣ የልጆቻቸውን ስም፣ የኖሩበትን መንደር ልንነግረው ስንሞክር «ስሙ ይበቃል» አለን። ይህን የሚል ማንኛውም ሰው ሥራውን አያውቅም ወይም ሊሠራው አላሰበም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ጥራዝ ደረሰን። ጥራዙ እንደሚለው የባለቤቴ ቅድመ አያት በዮርክሻየር ሰፊ እርሻ የነበራቸው ሰው ልጅ ነበሩ። ልጆቼ ተደሰቱ። አክስቲቱ ግን መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ሲጨርሱ፣ «ይህች የእኔ አያት አይደለችም፤ አያቴን በልጅነቴ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ በእጄ አጉርሻታለሁ» ብለው ጥራዙን መለሱልኝ። በዚያ ዕለት የተሰማኝን ሐዘን ገንዘቡን ባጣሁበት ጊዜ አልተሰማኝም።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በኋላ ራሳችን ደረስንበት። ድርጅቱ በ1881 ቆጠራ ውስጥ ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አግኝቶ፣ ስሙ በየመንደሩ የሚገኝ መሆኑን እያወቀ፣ ሌሎቹን ሳይመረምር የተሻለ ኑሮ ያለውን መርጦ ሰጥቶናል። ያ የእርሻ ባለቤት ልጅ ግን በ1911 ቆጠራ ሳያገባ እዚያው ዮርክሻየር በእናቱ ቤት ተመዝግቦ ይገኛል፤ የባለቤቴ አያት ደግሞ በ1908 ደራም ውስጥ ተወልደዋል። ይህን አንድ ገጽ ገልጦ ማየት ብቻ ጥራዙን በሙሉ ያፈርሰዋል።

ባለርስት ቤተሰብ ኑዛዜ፣ የመሬት ሰነድና ደብዳቤ ትቶ ስለሚያልፍ ስህተት ቢፈጠር ከሌላ ወረቀት ጋር ማመሳከር ይቻላል። የከሰል ቆፋሪ፣ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የእርሻ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ግን ከልደት፣ ከጋብቻና ከሞት መዝገብ ሌላ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በየአሥር ዓመቱ አንድ ሌሊት የተጻፈ የቆጠራ መስመር ነው። ያም መስመር በጥንቃቄ የሚነበብ ነው። በ1841 የዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ተጠጋግቶ ስለተጻፈ፣ ሠላሳ የተባለ ሰው ሠላሳ አራት ሊሆን ይችላል፤ የትውልድ ቦታም የተጠየቀው በዚያው ካውንቲ ተወልዷል ወይስ አልተወለደም፣ ካልሆነም በስኮትላንድ፣ በአየርላንድ ወይም በውጭ አገር ነው ወይ በሚል ብቻ ነው። ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድናና የተወለደበት አጥቢያ የተጻፈው ከ1851 ጀምሮ ነው። እስከ 1901 ባሉት ቆጠራዎች ደግሞ ዛሬ የምናየው ቤተሰቡ የሞላውን ቅጽ ሳይሆን ቆጣሪው ወደ ደብተሩ የገለበጠውን ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሠራተኛ ስሙን በአነጋገሩ ሲናገር ቆጣሪው እንደሰማው ይጽፋል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሰው ያንን የእጅ ጽሑፍ እያነበበ ለኮምፒውተር ማውጫ ያስገባዋል። በዚህ ሁሉ እጅ ያለፈን ስም ማውጫ ላይ ብቻ ፈልጎ «አገኘሁ» ማለት አይቻልም።

በደራም ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለ። እስከ 1872 ድረስ የዚያ አካባቢ ከሰል ቆፋሪዎች በየዓመቱ በሚታደስ ውል ይቀጠሩ ነበር፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ የማዕድኑ ባለቤት ስለሆነ፣ ውሉ ሲያበቃ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል። ውሉ ከቀረም በኋላ ቢሆን መዘዋወሩ አልቆመም። በመሆኑም በአንድ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ በአንድ አጥቢያ፣ ሁለተኛው በሌላ፣ ሦስተኛው በሌላ ተወልዶ ይገኛል። ይህ ግራ የሚያጋባ ቢመስልም ለሚያውቅ ሰው ትልቅ መረጃ ነው፤ የልጆቹን የትውልድ ቦታ በቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው ቤተሰቡ የሄደበትን መንገድ መንደር በመንደር ይከተላል፣ ተመሳሳይ ስም ያለውንም ሌላ ሰው በዚያው ይለያል። ሚስትን፣ ልጆችንና በቤቱ የተቀመጠውን ደባል ሳይቀር ሳያይ አባወራውን ብቻ የሚፈልግ መርማሪ ላብ አደርን ሊያገኝ አይችልም። በቆፋሪ ቤት የሚያድረው ደባል ብዙ ጊዜ የሚስቲቱ ወንድም ሆኖ ይገኛልና።

አሁን ስለ 1931 ፍለጋ ልናገር፤ ይህን ከሁሉም በላይ እንድታስታውሱት እፈልጋለሁ። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቆጠራ መዝገብ በዲሴምበር 1942 ሄይስ በተባለ ስፍራ ተከማችቶ ሳለ በእሳት ወድሟል። በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። የ1951 ቆጠራ ደግሞ ለመቶ ዓመት የተዘጋ ስለሆነ ከዚያ በፊት ማንም ሊያሳያችሁ አይችልም። በመካከል ያለው በሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 ለጦርነቱ ጊዜ መታወቂያ ተብሎ የተደረገ ምዝገባ ሲሆን፣ እርሱም ቆጠራ አይደለም። ስለዚህ «የ1931 ቆጠራ ልዩ ፍለጋ» ብሎ 95 ፓውንድ የሚቀበል ድርጅት የተቃጠለ ወረቀት እየሸጠ ነው። በጥራዙ ውስጥ በዚህ ርእስ ሥር የሰፈረው «በዚህ ዓመት ቤተሰቡ አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ነበር።

በሽፋኑ ላይ የታተመው የአንበሳና የጋሻ ምልክትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ምልክት ለአንድ ሰውና ከእርሱ በወንድ መስመር ለሚወርዱ ይሰጣል እንጂ ለስም አይሰጥም፤ የሚሰጠውም ከ1484 ጀምሮ ያለው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። «የስማችሁ ጋሻ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ለከሰል ቆፋሪ ልጅ የማይገባ ክብር ይሰጥ ይመስለዋል፤ የእኛ ልጆች ግን ያ ክብር አላስፈለጋቸውም።

እውነተኛውን ፍለጋ ያካሄድነው በምንኖርበት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት አንሴስትሪ ወይም ፋይንድማይፓስት የተባሉትን የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጾች በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ በነጻ ያስጠቅማሉ፤ የ1881 ቆጠራ ማውጫ ፋሚሊሰርች በተባለ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ በለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ለጎብኚው ምንም አያስከፍልም። አክስቲቱ የነገሩንን የአያታቸውን ስምና ሁለት የመንደር ስሞች ይዘን በሦስት ቅዳሜ ቤተሰቡን አገኘነው። ቅድመ አያቱ በ1891 በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ከመሬት በታች ሠራተኛ ተብለው ተጽፈዋል። የ1911ዱ ቆጠራ ከቀደሙት የሚለየው አባወራው በራሱ እጅ የሞላው ቅጽ መቆየቱ ነው፤ ያገባችው ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደች፣ ስንቱ እንዳለና ስንቱ እንደሞተ በዚያ ዓመት ተጠይቋል። በእኛ ቅጽ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ስምንት ልጅ፣ አምስት በሕይወት ያሉ፣ ሦስት የሞቱ ይላል። አባትየው የሞቱትንም ሦስት ልጆች ስም ከነዕድሜያቸው ጽፈው ነበር፤ በኋላ በቀለም ተሰርዟል፣ ነገር ግን ይነበባል። አክስቲቱ ስለ አንዱ ብቻ ሰምተው ኖሯል፤ ሁለቱን ስሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከልጄ አፍ ነው።

የ1921ዱን ማንችስተር ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሄደን በነጻ አየነው። ያ ቆጠራ አሠሪውንና የሥራውን ቦታ ይጠይቃል። በሠራተኞች ውዝግብ ምክንያት ከኤፕሪል ወደ ጁን 19 ተላልፎ የተካሄደ ሲሆን፣ በዚያም ቀን ቆፋሪዎቹ ገና በአሠሪዎቻቸው ከሥራ እንደታገዱ ነበሩ። የቅድመ አያቱ መስመር ላይ የማዕድኑ ስም ተጽፎ ከጎኑ «ሥራ የለውም» የሚል ይነበባል።

ስለ ገንዘቡ፦ የከፈልነው በክሬዲት ካርድ ስለነበር፣ በ1974 የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። የ1911ዱን ገጽና የ1908ቱን የልደት ወረቀት አያይዘን ካመለከትን በኋላ 480 ፓውንዱ ተመለሰልን። የ95 ፓውንዱ «ልዩ ፍለጋ» ግን ለብቻው የተሸጠና ከ100 በታች ስለሆነ በዚህ አንቀጽ አልተሸፈነም፤ የየወሩ 18 ፓውንድም አልተመለሰም። ተጨማሪ አገልግሎቶች በተናጠል ከ100 በታች ተከፋፍለው ሲቀርቡላችሁ ይህን አስቡ።

ሐቀኛ ባለሙያዎች መኖራቸውን መካድ አልፈልግም። አግራ በተባለው የመርማሪዎች ማኅበር አባላት መካከል በሰዓት የሚያስከፍሉ፣ ውጤቱን አስቀድመው ዋስትና የማይሰጡ፣ ያላገኙትንም አላገኘሁም ብለው የሚጽፉ አሉ። ማንንም ከመቅጠራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ቆጠራ የመዝገቡን ቁጥር እንደሚሰጣችሁ በጽሑፍ ቃል አስገቡት፤ ለምሳሌ የ1881ዱ አር ጂ 11፣ የ1911ዱ አር ጂ 14፣ የ1921ዱ አር ጂ 15 ብሎ የሚጀምር ሲሆን፣ ከዚያ የሚከተሉት ቁጥሮች ማንም ሰው ዋናውን ገጽ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። ለእኛ በተላከው ጥራዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አንድም አልነበረም። ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሌሎች ሰዎች በምን ምክንያት እንደተዋቸውም ይጻፍላችሁ።

ውሉን በስልክ ወይም በኢንተርኔት የፈረማችሁ ከሆነ፣ በአብዛኛው ውሉ ከተፈረመበት ቀን በኋላ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ መሰረዝ ትችላላችሁ። ሥራው በእናንተ ጥያቄ ወዲያው ከተጀመረ ግን የተሠራውን ያህል ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ ከተጠናቀቀም መብቱ ይቀራል፤ ስለዚህ «አሁኑኑ ይጀመር» የሚለውን ሳጥን ምልክት አታድርጉበት። ስረዛውን በስልክ ብቻ ተናግራችሁ አትተዉት፤ በኢሜይል ጽፋችሁ የላካችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ቅጂ አስቀምጡ፣ ለባንካችሁም በዚያው ዕለት የየወሩን ክፍያ እንዲያቆም ንገሩ።